የጋፋት ምድጃና የዐጼ ቴዎድሮስ መድፎች

ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ብረቱን ያስመታል እንጂ ሞፈርና ቀንበሩን አይጥልም። የሚለወጠውን ከሚቆየው መለየት ነባር ብልሃት ነው። የዳግማዊ ዐጼ ቴዎድሮስ ታሪክ የዚህን ብልሃት ዋጋ ያስረዳል።

በ1811 ዓ.ም. በቋራ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን በጉር አምባ ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ቀጥቃጭ በሚናቅበት ዘመን የእጅ ሥራን አከበሩ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ እነ ቫልድማየርን የመሰሉ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስፍረው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያ እንዲቀስሙ አደረጉ።

ባለሙያዎቹ መድፍ የማቅለጥ ልምድ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ምድጃ ሙቀቱን መቋቋም ተስኖት ሥራው ከሸፈ። በኋላ አነስተኛ መድፍ ሠመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሠመረው አልረጉም፤ የሚበልጥ፣ እንደገናም የሚበልጥ አዘዙ። መድፉ ባደገ ቁጥር ቅርጹ፣ ምድጃው፣ ጥይቱ፣ ሰረገላውና መንገዱ አብረው መለወጥ ነበረባቸው። በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ግዛቱ በዐመፅ ከእጃቸው እየወጣ ሳለ፣ መድፉን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መድፉን ጎተተ። ጉዞው 6 ወር ገደማ ፈጀ።

ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ የገጠማቸው የእንግሊዝ እግረኛ ስናይደር የተባለ ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ይህ ጠመንጃ በአፉ ይጎርስ የነበረው ነባሩ ኤንፊልድ ነው፤ ሰደፉና አፈሙዙ እንዳለ ቆይቶ፣ በኋላው እንዲጎርስ የጉርሻው ክፍል ብቻ ተለወጠለት። በዚህ አንድ ለውጥ የተኩሱ ፍጥነት በብዙ እጥፍ ጨመረ።

ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሰዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል። ምኞታቸው ታላቅ ነበር፤ የጎደለው አንዱ ሥራ ለቀጣዩ የሚያተርፈው ነገር ነው።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የበቆሎ መፈልፈያ የሚሠራ ብየዳ ቤት ይኸው ፈተና ይገጥመዋል፤ አንዱ ገበሬ በእጅ የሚዞር፣ ሌላው በሞተር የሚሠራ ይሻል። ለሁሉም የሚሆን አንድ አካል ሠርቶ ጥርሱንና ወንፊቱን ብቻ የሚለዋውጥ ባለሙያ ብረትም ጊዜም ይቆጥባል። ገበሬውም በመኸር መካከል ጥርስ ቢሰበርበት መለዋወጫውን ቅርብ ያገኛል።