ልብ የወደደውን ወሬ ስለ መመርመር፤ የኢማም ሹዕባ ኢብን አልሐጃጅ የሕይወት ታሪክ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፣ ወንድሞች ሆይ! ሐሰተኛ ወሬ ሁልጊዜ በክፉ መልክ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚያስለቅስ፣ ለምጽዋት እጅን የሚያስዘረጋ፣ ወይም ስለ ተበደለ ሰው ደምን የሚያፈላ ሆኖ ይመጣል። የሰማውም ሰው እንባው ሳይደርቅ ለጎረቤቱ ያደርሰዋል፤ ዛሬማ በስልኩ ባንድ አፍታ ለሺህ ሰው ያደርሰዋል። ከማን እንደ ተሰማ አይጠይቅም፤ መጠየቅ የልብ ድርቀት መስሎ ይታየዋልና። ኢማም ሹዕባ ኢብን አልሐጃጅ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ርኅሩኅ ነበሩ፤ ከሰው ሁሉ ይልቅም ጠያቂ ነበሩ።

የተወለዱት በ82 ዓመተ ሂጅራ ገደማ በዒራቅ ምድር በዋሲጥ ነው። ኋላም ወደ በስራ ሄደው እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖሩባት። በወጣትነታቸው ግጥም ወዳድ ነበሩና ጢሪማሕ የተባለውን ባለቅኔ እየተከተሉ ይጠይቁት ነበር። አንድ ቀን በአልሐከም ኢብን ዑተይባ ጉባኤ በኩል ሲያልፉ ሊቁ ሐዲስን ከነተናጋሪው ስም ሲያወሱ ሰሙ። ይህ ከግጥም የበለጠ ሆኖ ታያቸው፤ ከዚያም ወዲያ ዕድሜያቸውን በዚሁ ፈጁት። በገንዘብ ምንዛሪ ይተዳደሩ የነበሩት ሁለት ወንድሞቻቸው ቀለባቸውን ይችሏቸው ነበር።

ከመምህሮቻቸው አንዱ የበስራው ቀታዳ ናቸው። ቀታዳ በማስታወስ ችሎታቸው እጅግ የታወቁ ሲሆኑ፣ አንዳንድ ጊዜ በመካከል ያለውን ሰው ስም ሳይጠሩ ያወሩ ነበር። ስለዚህ ሹዕባ ፊት ለፊት ተቀምጠው የመምህራቸውን አፍ ይመለከታሉ። እገሌ ነገረን ያሉ እንደ ሆነ ይጽፋሉ፤ እገሌ አለ ብቻ ያሉ እንደ ሆነ ግን ብዕራቸውን ያነሣሉ። በዚህም መምህሩ አልተዋረዱም፤ እንዲያውም ቀታዳ ያወሩት ብዙው ነገር ዛሬ የሚታመነው ሹዕባ ስለ ተቀበሉት ነው።

ርኅራኄያቸውን ያየን እንደ ሆነ፣ ለማኝ በጉባኤያቸው በቆመ ጊዜ አንዳች ነገር እስኪሰጠው ድረስ ማስተማራቸውን ያቆሙ ነበር። ሱለይማን ኢብን አልሙጊራ አህያቸው ሞቶባቸው እያዘኑ ቢመጡ፣ በስንት እንደ ገዙት ጠይቀው ሌላ ገንዘብ ሳይኖራቸው ሦስት ዲናር ሰጧቸው። ኸሊፋው አልመህዲ 30,000 ዲርሃም ቢሰጧቸውም ለሰው አከፋፈሉት። ልብሳቸው ግን ርካሽ ነበር።

እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ ለተራኪዎች በራቸውን የዘጉት። በዚያ ዘመን በዒራቅ መስጊዶች ሕዝቡን በሚያስለቅስ ተረት የሚሰበስቡ ሰዎች በዝተው ነበር። ሹዕባም ለእነዚህ ሐዲስ አልነግርም ብለው ነበር፤ ምክንያታቸውንም ሲጠየቁ፣ ከእኛ ስንዝር ወስደው ክንድ ያደርጉታል የሚል ፍሬ ነገር መለሱ። ተራኪው ሁሉ አታላይ አልነበረም። አድማጩ እንባ ሲያፈስ ባየ ጊዜ ጥቂት መጨመር በጎ ሥራ የሚመስለው ብዙ ነበር።

ከዚህም የሚከብደው የአባን ኢብን አቢ ዐያሽ ነገር ነው። አባን በአምልኮው የታወቀ፣ ሰው የሚወደው አዛውንት ነበር፤ ነገር ግን ወሬን ከወሬ ይቀላቅል ነበርና ሹዕባ በግልጽ ነቀፉት። ሐማድ ኢብን ዘይድና ጓደኞቻቸው ሄደው፣ ስለ ዕድሜውና ስለ ቤተ ሰቡ ብለው እንዲተዉት ለመኗቸው። ሹዕባም እሺ አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ወደ ጁምዓ ሲሄዱ ከኋላ ጠርተዋቸው፣ ነገሩን አስበው ዝም ለማለት መንገድ እንዳጡ ነገሯቸው። እዚህ ላይ ሐሜት ክልክል አይደለምን የሚል ይኖራል። ነው። ነገር ግን ሐሜትን የከለከለችው ያችው ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጿ የአመፀኛን ወሬ እንድናጣራ ታዛለች፤ ይኸውም ባለማወቅ ንጹሕ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ሐሰተኛ ለመባል እንደሚበቃው የሚናገረውን ሐዲስ ኢማም ሙስሊም በመጽሐፋቸው መግቢያ ያስገቡትም በሹዕባ በኩል ነው።

ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው አንድ ጉዞ ነው። ኸጢብ አልበግዳዲ ሐዲስ ፍለጋ ስለ ተደረጉ ጉዞዎች በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እንደ ታሪኩ፣ ነስር ኢብን ሐማድ የተባለ ተማሪ በሹዕባ ደጅ ተቀምጦ፣ ዉዱኡን አሳምሮ ሁለት ረከዓ ለሚሰግድ ሰው ምሕረትን የሚያበስር ሐዲስ ለጓደኞቹ ያወራል፤ ሰነዱም በኩፋው በአቡ ኢስሐቅ፣ በዐብደላህ ኢብን ዐጣእ አድርጎ እስከ ዑቅባ ኢብን ዓሚር ይደርሳል። ሹዕባ ወጥተው በጥፊ መቱት። ተማሪውም ተቀምጦ ሲያለቅስ ኢብን ኢድሪስ በደሉት ብለው ወቀሷቸው። ያን ጊዜ ሹዕባ ምክንያታቸውን ተረኩ።

ይህን ሐዲስ ከአቡ ኢስሐቅ በሰሙ ጊዜ፣ ዐብደላህ ከዑቅባ በጆሮው ሰምቶ እንደ ሆነ ጠየቁ። ሽማግሌው ተቆጡ። በዚያ የነበሩት ሚስዐር ግን ዐብደላህ በመካ በሕይወት እንዳለ ነገሯቸው። ሹዕባ ሐጅን ሳይሆን ያንን አንድ ሐዲስ አስበው የሳምንታቱን የበረሃ መንገድ ወደ መካ ተጓዙ። ዐብደላህን ቢያገኙት ሰዕድ ኢብን ኢብራሂም ነገረኝ አላቸው። ሰዕድ በመዲና ነበሩና ወደዚያ ወጡ። ሰዕድም ነገሩ ከአገራችሁ የመጣ ነው፣ የነገረኝ ዚያድ ኢብን ሚኽራቅ ነው አሏቸው። በስራ በደረሱ ጊዜ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ልብሳቸው አድፎ፣ ጠጉራቸው ጎፍሮ ነበር። ዚያድ በመጀመሪያ ታጥበው እንዲመጡ ቢለምኗቸው እንቢ አሉ። በመጨረሻም የሰሙት ከሸህር ኢብን ሐውሸብ እንደ ሆነ ነገሯቸው። ሸህር ሹዕባ የተዉት ሰው ነበር። ያ ሁሉ መንገድ እዚያ ላይ ፈረሰ። ሐዲሱ እውነት ሆኖ ቢገኝላቸው ከቤተ ሰባቸውና ከሀብታቸው ሁሉ ይልቅ በወደዱት ነበር፤ ይህን ራሳቸው መስክረዋል ተብሏል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል፤ መካ ድረስ የሄዱት ወሬውን ጠልተው አልነበረም።

አሁን ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሹዕባን በድዬ እሆናለሁ። ይህን ታሪክ በዚህ ርዝመቱ ያወራው ያው የተመታው ነስር ነው፤ እርሱንም የሕያ ኢብን መዒንና ሌሎችም ሊቃውንት ክፉኛ ነቅፈውታል። ስለዚህ ጥፊውን፣ ልቅሶውንና የጠጉሩን መጎፈር እንደ ተወራ እናወራለን እንጂ እንደ ተረጋገጠ አንምልበትም። የሹዕባ ጥንቃቄ ግን በብዙ ሰዎች ምስክርነት የጸና ነው።

ስለ ዉዱእና ስለ ሁለቱ ረከዓ የተነገረው ብሥራትም አልጠፋም። ኢማም ሙስሊም ከዚያው ከዑቅባ በሌላ መንገድ፣ ሸህር በሌለበት በጠና ሰነድ መዝግበውታል። ሹዕባ የተዉት የተሰበረውን መንገድ ነበር፤ የጠናውም መንገድ በጊዜው ተገኘ።

ሱፍያን አስሰውሪ የሐዲስ ሊቃውንት አለቃ ብለው የሰየሟቸው ሹዕባ፣ በ160 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በ776 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በበስራ ሞቱ። ሱፍያን መርዶውን በሰሙ ጊዜ ሐዲስ ከእሳቸው ጋር እንደ ሞተ ተናገሩ። እሳቸውም በተከታዩ ዓመት በዚያችው ከተማ አረፉ።