ዘውዱን ያስረከበ ንጉሥ፤ ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ

ሃይማኖትን በአፍ መመስከር መልካም ነው፤ ነገር ግን የክርስቲያን ሃይማኖት እውነተኛ መሆኑ ይልቁን የሚታወቀው በእጁ ያለውን ለእግዚአብሔር ሲለቅ ነው። ድኻ ጥቂቱን ለመልቀቅ ይቸገራል፤ ባለጸጋ ብዙውን ለመልቀቅ ይቸገራል፤ ንጉሥ ደግሞ ዘውዱን ለመልቀቅ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራል። ስለዚህ ዘውዱን ስለ ሰላም እንዳስረከበ የሚነገርለትን የጻድቁን የነአኩቶ ለአብን ሕይወት ለምእመናን ልናስታውስ ወደድን።

ነአኩቶ ለአብ ከዛጔ ነገሥታት ወገን ነው፤ የስሙም ትርጓሜ አብን እናመሰግነዋለን ማለት ነው። አባቱ ሐርቤ የቅዱስ ላሊበላ ወንድም ነበረ። ሐርቤ በመንግሥቱ ስለ ሠጋ በወንድሙ ላይ መከራ እንዳጸናበት የላሊበላ ገድል ይናገራል። ይሁን እንጂ ላሊበላና ንግሥት መስቀል ክብራ የዚያኑ የሐርቤን ልጅ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጉት። እንግዲህ ሕፃኑ መልቀቅን አስቀድሞ የተማረው ከዚህ ቤት ነው፤ ቂሙን የለቀቀ አጎት አሳድጎታልና።

ከዚህ በኋላ በንግሥቲቱ ምክር ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ እንደ ለቀቀለት በወሎ አገር ሲነገር ኖሯል። ወጣቱ ንጉሥ 18 ወር ያህል እንደ ገዛ የንጉሡ ጭፍሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ለቤተ መንግሥት ማዕድ ነድተው ወሰዱ። መስቀል ክብራ ይህን በሰማች ጊዜ ባሏ ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ ለመነችው፤ መንግሥቱም ወደ ላሊበላ ተመለሰ።

በዚህ ነገር ጥቂት ልንቆይ ይገባናል። ላሟን የነዱ ጭፍሮች ናቸው፤ ነገር ግን የጌታው ማዕድ ሰፊ ባይሆን ኖሮ አሽከሩ የድኻ በረት ባልከፈተም ነበር። ስለ አንዲት ላም መንግሥት ሊለወጥ አይገባም የሚል ሰው ቢኖር፥ ገበሬው ለልጆቹ ወተት የሚያልባት፥ ለክፉ ቀን የሚጠብቃት ያችው አንዲት ላም እንደ ነበረች ያስብ። ነአኩቶ ለአብም ስለ ተወሰደበት ዙፋን በአሳዳጊው ላይ ጦር እንዳስነሣ የሚናገር የለም። በፊት የተሰጠውን በምስጋና ተቀበለ፤ በተጠየቀም ጊዜ መለሰ። ላሊበላ ካረፈ በኋላ መንግሥቱ ዳግመኛ ወደ እርሱ መጣ።

በሁለተኛው ዘመኑ አኗኗሩ የንጉሥ ሳይሆን የመነኩሴ እንደ ነበረ አባቶች ያስተምራሉ። የጌታን ሕማም እያሰበ ጦሮችን በዙሪያው ተክሎ ይሰግድ፥ ሥጋውም ይቈስል እንደ ነበር ይነገራል። በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በገደል ሥር፥ በዋሻ ውስጥ ታንጾ እስከ ዛሬ አለ። ከዋሻው ጣራ ክረምት ከበጋ ጠብ የሚለውን ውኃ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናንም ጠበል አድርገው ይጠጡታል። አጎቱ ተራራን ፈልፍሎ ድንቅ ሕንጻ ሠራ፤ እርሱ ግን እግዚአብሔር በፈጠረው ዋሻ ተጠጋ።

መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ በተላለፈ ጊዜ ነአኩቶ ለአብ ደም እንዳይፈስ ብሎ ዘውዱን በሰላም እንዳስረከበ የአባቶች ትውፊት ይተርካል። የታሪክ ጸሐፍት ግን በ1262 ዓ.ም. የሆነው የመንግሥት ለውጥ በጦርነት እንደ ተፈጸመ፥ በጦርነቱም የወደቀው የላሊበላ ልጅ ይትባረክ እንደ ነበረ ይጽፋሉ። እኛ ግን ይህን እናስተውላለን፤ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ዘመን መርጣ ያከበረችው ድል ያደረገውን ሳይሆን ለቀቀ የተባለውን ነው። ኅዳር 3 ቀን በዓሉ ይከበራል፤ ሞትን ሳያይ እንደ ተሰወረም ይታመናል።

የዛጔ ዘር ነን የሚሉ የዋግ ሹሞች ከሰቈጣ ሆነው ለብዙ ዘመናት አገሩን አስተዳደሩ። ከእነርሱም ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ነገር ግን በ1863 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አድዋ አጠገብ በሚስታቸው ወንድም በካሣ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፥ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ዓይናቸውም ጠፍቶ በግዞት ሞቱ። አንዱ ዘውዱን ለቀቀና ስሙ በቅዳሴና በማኅሌት ይነሣል፤ ሌላው በጦር ያዘውና ከሦስት ዓመት በላይ አልቆየለትም። ይህን የምንጽፈው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዘውድ ለያዘው ሁሉ የማይጸና መሆኑን ለማሳየት ነው እንጂ።

በዋግ ደጋ ያለችው አምደ ወርቅ ስሟ የወርቅ ምሰሶ ማለት ነው። በእውነቱ የቤተ ክርስቲያን የወርቅ ምሰሶ ምንድር ነው? ወርቅ የለበሰ እንጨት አይደለም፤ ድርሻውን አውቆ የሰውን የማይመኝ፥ የተሰጠውንም በምስጋና የሚመልስ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ገበሬው የጎረቤቱን ድንበር አይግፋ፤ ሹሙ በስሙ ምን እንደሚወሰድ ይመርምር። እኛም ካህናት ለተዝካርና ለድግስ በተጠራን ጊዜ በፊታችን የቀረበው ማዕድ ከየትኛው በረት እንደ ወጣ እንጠይቅ። መበለት ተበድራ ካረደችው በሬ በልተን የምናሳርገው ጸሎት ያችን አንዲት ላም ያስታውሰናልና። ጥቂት ቈሎና ጠላ በቂ ነው ብሎ የሚናገር የመጀመሪያው ሰው የነፍስ አባት ይሁን።

መልቀቅ ማጣት አይደለም። ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን ቢለቅ ስሙ አልጠፋም፤ የዋሻውም ውኃ ዛሬም አልነጠፈም። የጻድቁ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።