ዊልያም ፋር፦ የበሽታዎችን ስም ያስማማ ሐኪም

አንዱ ሐኪም በአንድ ስም የመዘገበውን በሽታ ሌላው በሌላ ስም ቢመዘግበው፣ ሁለቱን መዛግብት ደምሮ እውነተኛ ቁጥር ማግኘት አይቻልም። ዛሬ የሕክምና መረጃን ከአንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩ ባለሙያዎችን የሚያስቸግራቸው ይኸው ጉዳይ ነው። ችግሩን ከኮምፒውተር ዘመን አስቀድሞ ተረድቶ ዕድሜውን ለመፍትሔው ያዋለው እንግሊዛዊው ዊልያም ፋር ነበር።

ፋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1807 በሽሮፕሺር ግዛት፣ ኬንሊ በተባለች መንደር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አንድ በጎ አድራጊ ባለርስት አስተማሩት። በፓሪስ ሕክምናን አጥንቶ በ1832 በአገሩ የሙያ ፈቃድ አገኘ። እንግሊዝ በ1837 ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር ስትጀምር፣ ለዚሁ ተግባር በተቋቋመው መሥሪያ ቤት ገብቶ አርባ ዓመት ያህል አገለገለ።

መሥሪያ ቤቱ በ1839 ባወጣው የመጀመሪያ ዓመታዊ ዘገባ ላይ፣ ፋር አንድ በሽታ በሦስትና በአራት ስም እንደሚጠራ፣ አንድ ስምም ለብዙ በሽታዎች እንደሚሰጥ ገለጸ። ከዚህም የተነሣ የወል ስያሜና የወል አመዳደብ እንዲኖር አጥብቆ አሳሰበ።

በ1853 በብራስልስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ፣ ለአገሮች ሁሉ የሚያገለግል የሞት ምክንያቶች ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ፋርንና የጄኔቫውን ማርክ ዴስፒንን መረጠ። በ1855 በፓሪስ ሲገናኙ ግን ሁለቱ የየራሳቸውን ዝርዝር ይዘው ቀረቡ። ፋር በሽታዎችን ወረርሽኝ፣ መላ አካልን የሚነኩ፣ በአንድ የአካል ክፍል የሚወሰኑ፣ ከዕድገት ጋር የተያያዙና ከጉዳት የሚደርሱ ብሎ በአምስት ሲከፍላቸው፣ ዴስፒን በባሕርያቸው መድቧቸው ነበር። ጉባኤው ሁለቱን አስታርቆ 139 አርእስት ያሉትን ዝርዝር ቢያጸድቅም፣ ዝርዝሩ በሁሉም አገር ተቀባይነት አላገኘም።

ፋር ኮሌራ ከተበከለ አየር ይመጣል ብሎ ለረጅም ጊዜ ያምን ነበር። ሆኖም የሟቾችን መዝገብ በውኃ ምክንያት ይመጣል ይል ለነበረው ለጆን ስኖው ከመስጠት አልተቆጠበም። በ1866 በምሥራቅ ለንደን ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ሞትን ከየሰፈሩ የውኃ አቅራቢ ጋር አመሳክሮ መነሻው ውኃ መሆኑን ራሱ አረጋገጠ። ሐሳቡ ቢለወጥም መዝገቡ አልጠፋበትም፤ ቦታና ቀን ተለይተው ስለ ተጻፉ እንደገና ሊመደቡ ቻሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሹመት ለሌላ ሰው በተሰጠ ጊዜ ፋር ሥራውን ለቀቀ፤ በ1883ም ዐረፈ። ዣክ ቤርቲዮን በ1893 በቺካጎ ያቀረበው ዝርዝር መላ አካልን የሚነኩትን በአንድ የአካል ክፍል ከሚወሰኑት በመለየት የፋርን መሠረት ተከተለ። ከዚህም ዝርዝር፣ ከ1948 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስተዳድረው የበሽታዎች አመዳደብ ተገኘ። ዐሥራ አንደኛው እትም በ2022 ሥራ ላይ ውሏል።

በፓሪስ የተነሣው ክርክር ዛሬ መልክ ለውጧል። ኦንቶሎጂ የሚባለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ የራሱን መለያ ሰጥቶ፣ ከሌሎች ጋር ያለውን ዝምድና ኮምፒውተር በሚረዳው አኳኋን ይጽፋል። የሳንባ ነቀርሳ በመንሥኤው ከተላላፊ በሽታዎች፣ በሚያጠቃው አካልም ከሳንባ በሽታዎች ጋር በአንድ ጊዜ ይተሳሰራል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የግድ አይሆንም።

ነገር ግን ጥቃቅኑን ለይቶ የጻፈ መዝገብ ጠቅለል ወዳለ ዝርዝር ሲተላለፍ የጠፋው ልዩነት ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከተተረጐመው ጎን ተጠብቆ መኖር ይገባዋል። ይህ ባይሆን ኖሮ ፋር በ1866 የራሱን አስተሳሰብ የሚያርምበት መዝገብ ባላገኘም ነበር።