ከየመን የመጡት እጨጌ፣ ከህንድ የመጣው መጽሐፍ

አንድን ሰው ጫካ ውስጥ አውሬ ያባርረዋል። ሲሮጥ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ግን የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ ታች ሲያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ወደ ላይ ሲያይ አውሬው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። የያዘውን ቅርንጫፍ ደግሞ ሁለት አይጦች፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ እየቆረጠሙ ሊጨርሱት ነው። በዚህ መሃል ከላይ የማር ጠብታ ይወርዳል። ሰውየው ማሩን ይልሳል። አውሬውንም፣ ዘንዶውንም፣ አይጦቹንም ይረሳል።

አውሬው ሞት ነው። ሁለቱ አይጦች ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ዕድሜያችንን የሚቆረጥሙት። ማሩ ደግሞ የዚህ ዓለም ትንሽ ደስታ ነው። ስልክ ይዘን ሌሊቱ ሳናውቀው የሚጋመስብን ሰዎች ታሪኩ የሚጠፋን አይመስለኝም።

ይሄ ምሳሌ ማሃባራታ በሚባለው የሂንዱዎች ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በእኛም አገር በግዕዝ ከተጻፈ ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ ግዕዝ የመለሱት ሰው ደግሞ ህንዳዊም አልነበሩም፣ ትውልዳቸውም ኢትዮጵያ አልነበረም። የመን ውስጥ ከሙስሊም አባት የተወለዱ፣ በኋላ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ አለቃ የሆኑ ሰው ናቸው። አባ ዕንባቆም ይባላሉ። ዛሬ የምናወራው ስለ እሳቸው ነው።

ከባሕር ማዶ

አባ ዕንባቆም የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1470 አካባቢ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በወጣትነታቸው፣ በአፄ እስክንድር ዘመን ነበር። ያኔ በየመንና በእኛ መሃል ያለው ባሕር እንደ ዛሬው በስደት ወሬ ብቻ የሚነሳ አልነበረም። ነጋዴው፣ ምርኮኛው፣ የሃይማኖት ሰውም በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር።

ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ክርስትናን የተቀበሉት በአንድ ጊዜ አይደለም። ቁርዓን ስለ ኢሳና ስለ መርየም የሚናገረውን እያሰቡ ብዙ ጠይቀዋል፣ ብዙ ተከራክረዋል። በመጨረሻ ደብረ ሊባኖስ ደረሱ። እዚያ እጨጌ ጴጥሮስ አስተማሯቸው፤ ተጠምቀውም በነቢዩ ስም ዕንባቆም ተባሉ። ከዚያ መነኮሱ።

እጨጌ ማለት ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጎንደር ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ እጨጌ ቤት የሚባል ሰፈር አለ። ያኔ ግን የእጨጌው መቀመጫ ሸዋ፣ ደብረ ሊባኖስ ነበር። ጳጳሱ ከግብፅ ስለሚመጡ፣ ከአገሬው መነኮሳት ትልቁ ሥልጣን የእጨጌው ነበር። ይህንን መንበር አባ ዕንባቆም 11ኛው ሆነው ያዙት። ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው የለም።

ሥልጣንም ስደትም

የአባ ዕንባቆም ትልቁ ሀብት ቋንቋ ነበር። አረብኛ የአፍ መፍቻቸው ነው። ግዕዝን ተምረው መጽሐፍ እስከመጻፍ ደረሱ። ሌሎች ቋንቋዎችም ያውቁ እንደነበር ይነገርላቸዋል። በ1523 ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ዕብራውያን መልእክት የጻፈውን ትርጓሜ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ለእሳቸው መተርጎም የጎን ሥራ አልነበረም፤ ዋናው አገልግሎታቸው ነበር።

ግን ባዕድ ሆኖ ትልቅ ወንበር ላይ መቀመጥ ዋጋ አለው። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም ተብለው ተከሰሱ። ከሹመታቸው ተነሥተው ተጋዙ። በኋላ ይቅርታ ቢደረግላቸውም፣ ወደ ድሮው ሰላም ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ጦርነት መጣ።

የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ በ1530ዎቹ መጀመሪያ ሸዋን አልፎ ወደ ሰሜን ገፋ። ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። አባ ዕንባቆም እንደ ብዙው ሰው ከቦታ ቦታ እየሸሹ ኖሩ። የንጉሡ ቤተሰብም አልተረፈም። ልዑል ሚናስ ተማርከው ወደ የመን፣ ወደ ቱርኩ ፓሻ ተላኩ። ልብ በሉ፦ አንዱ ከየመን በፈቃዱ መጥቶ የኢትዮጵያ መነኩሴ ሆነ፤ ሌላው የኢትዮጵያ ልዑል በግድ ወደ የመን ሄደ። ባሕሩ ያው አንድ ባሕር ነው።

ለኢማሙ የተጻፈው

አባ ዕንባቆም ሰይፍ አልያዙም። ብዕር ግን ያዙ። በ1540 አንቀጸ አሚን የሚባለውን ሥራቸውን ጻፉ፤ የእምነት በር እንደማለት ነው። የተጻፈው ለራሳቸው ለኢማም አሕመድ ነው፤ ያውም መጀመሪያ በአረብኛ። በኋላ ወደ ግዕዝ ተመለሰ።

ነገሩን አስቡት። ገዳማቸው ተቃጥሏል። እሳቸው ተሳዳጅ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ለጦሩ መሪ በራሱ የሃይማኖት ቋንቋ፣ ቁርዓንን እየጠቀሱ ይጽፋሉ። ጽሑፉ ክርክር ነው፤ ያመኑበትን ሳይሸፋፍኑ ያስቀምጣሉ። ከሚያነሷቸው ነጥቦች አንዱ ወንጌል በብዙ ሕዝቦች ቋንቋ መነበቡ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲተረጉም የኖረ ሰው ይህንን ማንሳቱ አይገርምም።

ጦርነቱ ግን በጽሑፍ አልቆመም። በዚያው ዓመት አፄ ልብነ ድንግል በስደት ሞቱ፤ ልጃቸው አፄ ገላውዴዎስ በወጣትነታቸው ነገሡ። በዚህ ጊዜ ታሪኩ ወደ እኛው ሰፈር ይመጣል። በ1542 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመራው የፖርቱጋል ጦር ሰሜን ተራሮች ላይ ያለ አንድ አምባ ያዘ። በዚያ አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ ስለነበር ፖርቱጋሎቹ ቦታውን የአይሁድ ተራራ ይሉታል። ዳ ጋማ ከተገደለ በኋላ የተረፉት ወታደሮች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ወደዚያው ሸሹ። አፄ ገላውዴዎስም መጥተው ያገኟቸው እዚያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ተገደሉ።

ጦርነት ካለፈ በኋላ የሚቀረውን የደባርቅና የዳባት ልጅ ከመጽሐፍ አይማረውም። የተቃጠለ ቤት አለ። የጠፋ ሰው አለ። ሃይማኖቱን በግድም በፈቃድም ቀይሮ አሁን ምን እንደሚሆን የማያውቅ ጎረቤት አለ። አፄ ገላውዴዎስ የተረከቡት አገር እንደዚህ ያለ ነበር። አባ ዕንባቆምም ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀርበው የንጉሡ አማካሪ ሆኑ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው መጽሐፍ

ከድሉ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1553፣ አባ ዕንባቆም ለንጉሡ አንድ መጽሐፍ ከአረብኛ ተርጉመው ጨረሱ። ባራላም ወየዋስፍ ይባላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ህንድ ውስጥ ነው። ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ አንድ ንጉሥ ወንድ ልጅ ይወልዳል። ኮከብ ቆጣሪ ልጁ አባቱ የሚጠላውን እምነት እንደሚከተል ይናገራል። ንጉሡ ይደነግጥና ልጁን ያማረ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋበታል። በሽታ፣ እርጅና፣ ሞት የሚባል ነገር እንዳያይ ያዛል። የዋስፍ ግን አንድ ቀን ይወጣል። በሽተኛ ያያል። ዕውር ያያል። ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ ያያል። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው መኖር ያቅተዋል። ባራላም የሚባል ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቁ ይዣለሁ ብሎ ይገባና በምሳሌ ያስተምረዋል። የጉድጓዱና የማሩ ታሪክ ከእነዚያ ምሳሌዎች አንዱ ነው። መጨረሻው ላይ የዋስፍ ዙፋኑን ትቶ በረሃ ይወርዳል።

ይሄ ታሪክ የምታውቁት ነገር መሰላችሁ? አልተሳሳታችሁም። የቡድሃ ሕይወት ነው። የዋስፍ የሚለው ስም ራሱ ቦዲሳትቫ ከሚለው የህንድ ቃል የመጣ ነው። በአረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ። በአረብኛ ፊደል በ እና የ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ የሆነ ጸሐፊ ነጥብ ተሳሳተና ዩዳሳፍ ሆነ። ከዚያ ጆርጂያውያን ወሰዱት፣ ክርስቲያናዊ መልክም ሰጡት። ከእነሱ ግሪኮች፣ ከግሪክ ደግሞ አረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ወሰዱት። ከዚያ አባ ዕንባቆም እጅ ገባ። በካቶሊክና በግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ሰዎች እንደ ቅዱሳን ሲታሰቡ ኖረዋል። የታሪኩ ሥር ቡድሃ መሆኑን ምሁራን በማስረጃ ያስቀመጡት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

ስለዚህ ለአባ ዕንባቆም መጽሐፉ የክርስቲያን መጽሐፍ ነበር። ግን በቡድሂስት፣ በሙስሊም፣ በክርስቲያን እጅ አልፎ ነው እሳቸው ጋ የደረሰው። ከእነሱ ውስጥ የእኛ አይደለም ብሎ የጣለው የለም።

ሁለት ነገሥታት

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። በማሃባራታ ይህንን ምሳሌ የሚናገረው ቪዱራ የሚባል ጠቢብ ነው። የሚያዳምጠው ደግሞ ድሪታራሽትራ የተባለ ዓይነ ስውር ንጉሥ። ንጉሡ ልጆቹን በዘመዳሞች ጦርነት አጥቷል። ቪዱራ ድል አልተሰበከለትም፣ በቀልም አልመከረውም፤ ስለ ማር ጠብታና ስለ አይጦች ነገረው።

በእኛ አገርም ምሳሌው የተጻፈው ጦርነት ላየ ንጉሥ ነው። አፄ ገላውዴዎስ አባታቸውን በስደት አጥተዋል። ወንድማቸው ሚናስ ከየመን የተመለሱት በምርኮኛ ልውውጥ ነው። አባ ዕንባቆም የሂንዱውን መጽሐፍ አያውቁትም። ግን ያው ምሳሌ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ያንኑ ዓይነት ሐዘን ፍለጋ የመጣ ይመስላል።

ሂንዱዎች ማሃባራታን የሚያውቁት በጦርነት ታሪክነቱ ብቻ አይደለም። ባጋቫድ ጊታ የዚሁ መጽሐፍ ክፍል ነው። 18 ምዕራፍ፣ 700 ያህል ስንኝ አለው። እሱም የሚጀምረው ጦር ሜዳ ላይ፣ ዘመዶቹን መግደል ባስጨነቀው ተዋጊ ነው። ብዙ ሂንዱ ጠዋት ጠዋት ከጊታ ጥቂት ሳያነብ ወደ ሥራ አይወጣም። ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ዳዊት ሳይደግሙ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን ተከፋፍሎ የተዘጋጀው በየቀኑ እንዲደገም ነው። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ከፈጅር በኋላ ቁርዓኑን ይቀራል። እምነቱ ይለያያል፤ ቀኑን በንባብ መጀመር ግን የጋራ ነው።

የየዋስፍ ታሪክም ለሰሜን ሰው ሩቅ አይደለም። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይን ሲያልፍ ዋልድባ አለ። ቤት ንብረቱን ትቶ ወደዚያ የሚወርድ ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም። ዙፋኑን ትቶ በረሃ የወረደውን ልዑል ታሪክ እዚህ አገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም ነበር።

መጨረሻቸው

አፄ ገላውዴዎስ በ1559 እንደገና በተነሣ ጦርነት ተገደሉ። አባ ዕንባቆም ግን ከእሳቸውም በኋላ ኖሩ። ያረፉት በ1560ዎቹ፣ በጣም ሸምግለው ነው። አምስት ያህል ነገሥታት ሲነግሡና ሲያልፉ አይተዋል። ተሹመዋል፣ ተግዘዋል፣ ተሰደዋል፣ እንደገና ተፈልገዋል።

ከዚያ ሁሉ ሹመትና ሽረት ዛሬ በእጃችን የቀረው መጽሐፋቸው ነው። ንጉሡ ካለፉ በኋላም መነኮሳት ባራላም ወየዋስፍን በብራና እየገለበጡ አቆዩልን። እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ዘግታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት፣ የቤታችሁ መጽሐፍ የትኛውም ይሁን፣ አንድ ገጽ አንብቡ። አይጦቹ እንደሆነ ሥራቸውን አያቆሙም።