ናታን ስትራውስ፤ ነጋዴውና የሕፃናቱ ወተት

ስለ ኒውዮርክ የሰማ ሁሉ ሜሲ ስለ ተባለው ትልቅ መደብር ሳይሰማ አይቀርም። ከመደብሩ ባለቤቶች አንዱ የነበሩትን የናታን ስትራውስን ሥራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ታሪካቸውን ለማቅረብ የተነሣነውም ስለ ሀብታቸው ብዛት ሳይሆን ሀብቱን ስላዋሉበት ጉዳይ ነው።

ናታን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 በጀርመን አገር ኦተርበርግ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ላዛሩስ በ1852 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆርጂያ ንግድ ጀመሩ፤ ቤተ ሰቡም ተከተላቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ተዛውረው የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ ነገዱ። በ1874 በሜሲ መደብር ምድር ቤት የዕቃ ክፍል ከፈቱ፤ በ1896 ናታንና ወንድማቸው ኢሲዶር መደብሩን በሙሉ ያዙት። ኢሲዶር ከነባለቤታቸው በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ሞቱ።

በዚያ ዘመን በኒውዮርክ የድኾች ሰፈር ሕፃናት በሙቀት ወራት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። አንዱ ምክንያት ጀርም የበዛበት ወተት ነው። ወተትን ሳያፈሉ በልክ አሙቆ ወዲያው በማቀዝቀዝ ጀርሙን መግደል የሚቻል መሆኑ በፓስተር ጥበብ ታውቆ ነበር። ናታንም በዚሁ ተመርተው በ1893 የመጀመሪያውን የወተት ማደያ ከፈቱ። ወተቱ በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ፣ መክፈል ለማይችል በነፃ ይሰጥ ነበር።

ተቃዋሚ ግን አልታጣም። የወተት ነጋዴዎች ወጪውን ፈሩ፤ ከሐኪሞችም መካከል ማሞቅ የወተቱን ኃይል ያጠፋል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ናታን ይህን ሁሉ ታግሠው፣ ከመስጠት አልፈው ሕግ እንዲወጣ ደከሙ። በ1908 ቺካጎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኒውዮርክ በዚህ ረገድ ደንብ አወጡ። ናታን በ1931 ዐረፉ፤ በእስራኤል የምትገኘው የናታንያ ከተማም በስማቸው ትጠራለች።

አንድ ነገር ግን ሳንል አናልፍም። በዚያ ዘመን በትልልቅ መደብሮች የሚሠሩ ሻጭ ልጃገረዶች ደመወዛቸው እጅግ አነስተኛ ነበር። ምጽዋቱም የድካማቸው ዋጋም ከአንድ ካዝና የሚወጣ ነበርና፣ የባለጠጋ ቸርነት ብቻውን ፍትሕን አይተካም። የናታንን ሥራ ከሌሎች ቸሮች ሥራ የምንለየው ስለዚህ ነው፤ ማደያው የተመሠረተው በአንድ ሰው ከረጢት ላይ ሲሆን ሕጉ ግን ከሰውዬው በኋላ ቆየ። ዛሬ ስማቸውን ሰምታ የማታውቅ እናት ለልጅዋ ያለ ሥጋት ወተት ትሰጣለች። እኛ ተማሪዎችም ነገ ሥልጣን ወይም ሀብት ሲደርሰን፣ ከእኛ በኋላ የሚቆየው የቱ እንደ ሆነ አስቀድመን ልናስብበት ይገባናል።