ጠራጊ የተባሉት ጠባቂ፦ የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ የመጀመሪያው ኃላፊ ሕይወት

በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ዋና ሰፈር ስኩኩዛ ይባላል። ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ ለማየት ከዓለም ዙሪያ የሚጎርፈው እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በዚያ ነው። ስኩኩዛ የወንዝ ወይም የተራራ ስም አይደለም፤ የአንድ ሰው ቅጽል ስም ነው። በአካባቢው ነዋሪዎች አንደበት ጠራርጎ የሚያጸዳ፣ ያለውን ሁሉ የሚገለብጥ እንደ ማለት ነው። ስሙ የወጣላቸው ጀምስ ስቲቨንሰን ሃሚልተን ሕይወታቸውን አጋማሽ ያህል ለዚያ ምድር የሰጡ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ። በስሙ ውስጥ አድናቆትም ወቀሳም አለ። የሰውየው ታሪክ ሲነገር ሁለቱም አብረው ይነሣሉ።

ስቲቨንሰን ሃሚልተን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 በአየርላንድ ደብሊን ከተማ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰባቸው በስኮትላንድ ርስት ያለው ባላባት ነበር። እርሳቸው ግን የወታደር ሙያን መርጠው በእንግሊዝ አገር በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። በ1888 በፈረሰኛ ክፍለ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነው ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ተሻገሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የዛምቤዚን ወንዝ ተከትሎ በተጓዘ የአሰሳ ቡድን ውስጥ ተካተቱ። በእንግሊዞችና በቦየሮች መካከል ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው ጦርነትም ተዋጉ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የብሪታንያ አስተዳደር ያልተለመደ ሥራ ሰጣቸው። በትራንስቫል ምሥራቃዊ ቆላ፣ በሳቢና በክሮኮዳይል ወንዞች መካከል ያለውን ጥብቅ ሥፍራ እንዲያስተዳድሩ በ1902 ተሾሙ። ሥፍራውን በ1898 የከለለው የፕሬዚዳንት ፖል ክሩገር መንግሥት ነበር። ጦርነቱ ወዲያው ስለ ተከተለ ግን ክልከላው ከወረቀት ብዙም አላለፈም። አዲሱ ኃላፊ ሲደርሱ በእንስሳት ብዛት የታወቀው ምድር ጭር ብሎ ጠበቃቸው።

ምድሩ ለምን ባዶ እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ አገራችን ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ፣ የሚያርስ በሬ አጥፍቶ፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው ያወረሱንን ረኀብ አስከተለ። በሽታው በዚያ አላቆመም። አገር ለአገር እየተሻገረ ወደ ደቡብ ገሠገሠ፤ በ1896 ሊምፖፖን ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በዚያም ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጎሹንና አጋዘኑንም አረገፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የዝሆን ጥርስና የቆዳ ንግድ የሳባቸው አዳኞች ለዐሥርት ዓመታት ሲፈጁት ኖረዋል። ከበሽታና ከጠመንጃ የተረፈውን ደግሞ የጦርነቱ ዘመን አሳሳው።

እልቂቱ ሌላም ነገር አስከተለ። የገንዲ በሽታን የምታስተላልፈው ቆላ ዝንብ ደሙን የምትመጠው እንስሳ ሲያልቅ ከአካባቢው ጠፋች። ቀድሞ ከብት የማይቆምበት ቆላ ለግጦሽ ክፍት ሆነ። ስለዚህ ጥብቅ ሥፍራው ገና ከመነሻው የእርሻና የግጦሽ መሬት ፈላጊዎች ዐይን ያረፈበት ነበር። ስቲቨንሰን ሃሚልተንም በዘመናቸው ሁሉ ከሕገ ወጥ አዳኝ ይልቅ የተፈተኑት በዚህ ጥያቄ ነው፤ ለአውሬ የተተወ መሬት ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ።

ሥራው የተጀመረው በጥቂት ሰዎች ነው። ኃላፊው በሳቢ ወንዝ ዳር፣ ግንባታው ተጀምሮ በቆመ የባቡር መስመር ድልድይ አጠገብ ሰፈሩ። መንገድ አልነበረም፤ ጉዞው በፈረስ፣ በእግርና በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ነበር። ወባ ሰውን፣ የፈረስ በሽታ ደግሞ ፈረሱን ይጥል ነበር። ጥቂት ነጭ የመስክ ኃላፊዎች በየቀጠናው ተመደቡ። ከእነርሱም ሥር ዱካ የሚያነብቡ፣ ውኃውንና ጫካውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አፍሪካውያን ጠባቂዎች ተሰማሩ። የዕለት ተዕለት ጥበቃው ሸክም የወደቀው በእነዚህ ጠባቂዎች ትከሻ ላይ ነበር።

የመስክ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የሃሪ ዎልሁተር ታሪክ ይመሰክራል። ዎልሁተር ከመጀመሪያዎቹ የመስክ ኃላፊዎች አንዱ ነበሩ። ጥበቃው በተጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ምሽት በፈረስ ሲመለሱ አንበሳ ከፈረሳቸው ጣላቸው፤ ቀኝ ትከሻቸውን ነክሶም መሬት ለመሬት ጎተታቸው። እርሳቸው ግን በግራ እጃቸው ከወገባቸው ቢላዋ መዝዘው አንበሳውን ወጉት። ከዚያም ዛፍ ላይ ወጥተው እንዳይወድቁ ራሳቸውን ከግንዱ ጋር አሰሩ። ሁለተኛው አንበሳ ከዛፉ ሥር ሲያንዣብብ ውሻቸው እየጮኸ አዘናጋው። በኋላ የደረሱት አፍሪካውያን ባልደረቦቻቸው ተሸክመው ወደ ሕክምና ወሰዷቸው። ዎልሁተር ቁስላቸው ከዳነ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት አገለገሉ። ያ ቢላዋ ዛሬም በስኩኩዛ ለጎብኚ ይታያል።

ስቲቨንሰን ሃሚልተን ሕጉ ለሹምም ለተራውም እኩል እንዲሠራ ጽኑ አቋም ነበራቸው። በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ያደኑ የፖሊስ መኮንኖችን ሳይቀር ፍርድ ቤት አቁመዋል። ይህ በሹማምንቱ ዘንድ ጠላት ቢያፈራባቸውም ክልከላው የይስሙላ አለመሆኑን ለሁሉም አሳየ።

የስማቸው መራራ ወገን የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሥራ በጀመሩበት ሰሞን በሁለቱ ወንዞች መካከል ይኖሩ የነበሩ አፍሪካውያን ቤተሰቦች መንደራቸውን ለቀው እንዲወጡ አደረጉ። እንስሳቱን በዋናነት የፈጀው የንግድ አደን ሆኖ ሳለ፣ በጎጆውና በማሳው ዋጋ የከፈለው የአገሩ ገበሬ ሆነ። ጠራጊ የሚለው ስም ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አዳኙን ብቻ ሳይሆን ነዋሪውንም ጠርገው ነበርና።

ጥብቅ ሥፍራው ወደ ሰሜን ሲሰፋ ግን ያንኑ መድገም አልተቻለም፤ በዚያ ብዙ ሕዝብ ይኖር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አቋማቸው እየላላ መጣ። ነዋሪዎች ኪራይ እየከፈሉና ጉልበታቸውን እየሰጡ በክልሉ ውስጥ እንዲቆዩ ተፈቀደ። ይህ ግን ሰዎቹን የመሬቱ ባለቤት አላደረጋቸውም፤ በአባቶቻቸው ምድር ላይ ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። በማዕድን ማውጫዎች ሥራ ፍለጋ ከሞዛምቢክ ያለፈቃድ የሚሻገሩ ሰዎችም እየተያዙ በግዳጅ ይሠሩ ነበር። ለጎብኚዎች ከተጠረጉት መንገዶች ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ጉልበት ያረፈባቸው አሉ።

ኃላፊው ከመሬቱ የተማሩት ሌላም ነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዘመኑ ልማድ አንበሳ፣ ነብር፣ ተኩላና አዞ የአጋዘን ጠላት ተብለው ይገደሉ ነበር። ስቲቨንሰን ሃሚልተን ግን ያዩትን በየዕለቱ በማስታወሻቸው የሚመዘግቡ ሰው ነበሩ፤ ከዓመት ዓመት ሲያስተውሉ ሥጋ በሉ አውሬ ደካማውንና የታመመውን እያነሣ የመንጋውን ልክ እንደሚጠብቅ ተገነዘቡ። አንበሳ መግደሉ እንዲቀንስ ተሟገቱ። ይህ አመለካከት በዚያ ዘመን እንግዳ ነበር፤ ከብቱ በአንበሳ የተበላበት የአጎራባች ገበሬም አልተቀበለውም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ውትድርና ተመለሱ፤ በጋሊፖሊ ዘመቱ፣ በሱዳንም በአስተዳደር አገለገሉ። በ1920 ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ጥብቅ ሥፍራው አደጋ ላይ ነበር። በምዕራቡ ወገን በክረምት የበግ መንጋ እንዲሰማራ ተፈቅዷል። የመሬት ኩባንያዎች ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፤ የድንጋይ ከሰል ፈላጊዎችም ይመላለሳሉ። ክልሉን የሚጠብቀው የመንግሥት አዋጅ ደግሞ በሌላ አዋጅ በቀላሉ ሊሻር የሚችል ነበር።

ኃላፊው በዚህ ጊዜ የተረዱት ነገር ቢኖር ጠባቂ ብቻውን መሬት እንደማያድን ነው። ሕዝብ ያላየውን አይሟገትለትም። የምድር ባቡር ድርጅት በ1923 የጉብኝት ባቡር በክልሉ ውስጥ ማሳለፍ ሲጀምር፣ ተሳፋሪዎቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት ይህንኑ የጉዟቸውን ክፍል ሆነ። ስቲቨንሰን ሃሚልተን ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው ፖለቲከኞችንና ጋዜጦችን አግባቡ። ግንቦት 31 ቀን 1926 ፓርላማው የብሔራዊ ፓርኮችን ሕግ አጸደቀ። ፓርኩ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በክሩገር ስም መሰየሙ የቦየር ፖለቲከኞችን ድጋፍ አስገኘ። ክሩገርን በጦርነት የተዋጋው የእንግሊዝ መኮንን በጠላቱ ስም የተጠራውን ፓርክ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ መራ።

በ1927 ለጎብኚ ሲከፈት በዓመቱ የገቡት መኪኖች 3 ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 180 ደረሱ። በሳቢ ድልድይ ይባል የነበረው ሰፈርም በ1936 በቅጽል ስማቸው ስኩኩዛ ተባለ። በ1930 በ60ዎቹ ዕድሜያቸው ሠዓሊዋን ሂልዳ ቾልሞንድሊን አግብተው ልጆች አፈሩ፤ ስለ ቆላው ምድርና ስለ እንስሳቱም መጻሕፍት ጻፉ። በ1946 በ78 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከፓርኩ ብዙም ሳይርቁ ኖረው በ1957 በ90 ዓመታቸው አረፉ። የባለቤታቸው ሕይወት በ1979 ሲያልፍ የሁለቱም አመድ ከስኩኩዛ በስተደቡብ ባለች ሺሪማንታንጋ በምትባል ኮረብታ ላይ ተበተነ።

በመጀመሪያ የተጣሉበት ዕዳ ግን ከእርሳቸው በኋላም ቀጠለ። በ1969 የአፓርታይድ መንግሥት የማኩሌኬን ማኅበረሰብ ከሰሜኑ ጫፍ፣ በሌቩቡና በሊምፖፖ ወንዞች መካከል ካለው መሬቱ አፈናቅሎ መሬቱን ከፓርኩ ጋር ቀላቀለው። አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ማኅበረሰቡ በሕግ ጠይቆ በ1998 በተደረሰ ስምምነት የመሬቱ ባለቤትነት ተመለሰለት። ማኩሌኬዎች ግን አጥሩን አፍርሰው መሬቱን አላረሱም። ባለቤትነቱን ይዘው፣ መሬቱ ለዱር እንስሳት እንደ ተጠበቀ እንዲቆይና ከቱሪዝም በሚገኘው ገቢ እንዲጠቀሙ መረጡ።

ስቲቨንሰን ሃሚልተን ጭር ያለውን ምድር ጠብቀው፣ ከመንጋና ከኩባንያ አትርፈው፣ ዛሬ ወደ 2 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋውን ፓርክ መሠረት ጥለዋል፤ ይህን ማንም አይነፍጋቸውም። ነዋሪውን ጠርጎ ማውጣት ለጥበቃ የግድ እንዳልነበረ ደግሞ በአባቶቹ መሬት ላይ ባለቤት ሆኖ አውሬውን የጠበቀው የማኩሌኬ ሕዝብ አሳይቷል። ስኩኩዛ የሚለው ስም ዛሬም በበሩ ላይ ተጽፎ ሁለቱንም ያስታውሳል።