ፍሪዳ ካሎ፦ እንዳትረሳ የሣለች ልጃገረድ

ፍሪዳ ካሎ እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ አጠገብ በነበረችው በኮዮአካን ተወለደች። በስድስት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ይዟት ቀኝ እግሯ ስለ ቀጠነ፣ እኩዮቿ ያላግጡባት ነበር። በ1922 ዓ.ም. ብሔራዊ መሰናዶ ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ ግን ካቹቻስ ከተባሉት አንባቢና ቀልደኛ ተማሪዎች ጋር ወዳጅነት መሠረተች፤ ከመካከላቸውም አሌሃንድሮ ጎሜስ አርያስን አፈቀረች።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1925 ዓ.ም. ሁለቱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ከትራም ጋር ተጋጨ። አሌሃንድሮ በቀላሉ ሲተርፍ፣ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ፍሪዳ የአከርካሪዋና የዳሌዋ አጥንት ተሰባበረ። ሆስፒታል አንድ ወር ያህል ከተኛች በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ በዚያም የአልጋ ቁራኛ ሆና ሳለ፣ አሌሃንድሮ መጥቶ እንዲጠይቃት በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ እየጻፈች ትማጸነው ጀመር። እናቷ ተኝታ የምትሥልበትን መደገፊያ አሠሩላት።

ፍቅሩ እየቀዘቀዘ መሄዱን በተረዳች ጊዜ፣ በ1926 ዓ.ም. የገዛ ራሷን መልክ ሥላ ለአሌሃንድሮ አበረከተች። እርሱ በ1927 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ተጓዘ፤ ፍቅራቸውም ብዙ አልሰነበተም። እርሷ ግን በ1954 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ የራሷን ፊት መሣሏን አልተወችም።

ታማሚ ወጣትን የሚያሠቃየው የአጥንት ስብራት ብቻ እንዳልሆነ፣ መረሳትም እንደሚያም ሕይወቷ ያስረዳል።